አስተርጓሚ

ረሆቦት፣ ቂርያት ሞሼ፤ ከምድር በታች አሥራ ሦስት ደረጃ፣
ለሰፈሩ የሮኬት መሸሸጊያ፣ ለእኛ የጭፈራ መሰናጃ።
ጥጉ የተሰነጠቀ፣ በርካሽ የገዛሁት መስታወት፣
የሚያቃስት አየር ማውጫ፣ ግድግዳው ላይ እርጥበት፣
እና አምስት ልጆች፦
ሊአት፣ ኦፊር፣ ሺራን፣ ወርቂት፣
ትንሿ ታሄል፣ ዕድሜዋ ገና አሥራ አራት።

ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እጽፋለሁ፣
ሐሙስ ማታ እያጨበጨብኩ እቆጥራለሁ።
ልጆቹ «ማናጀር» ይሉኛል፣ ሲስቁ፤
እናቶቹ «አለቃ» ይሉኛል፣ ሲጨነቁ።

ማናጀር ማለት ምንድን ነው?
ሎሚ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ የሚዞር ሰው።
መርፌና ክር ከቦርሳው የማይጠፋ፣
ድምፅ ሲሻክር «ዝም በሉ» የሚል፣ ሲያለቅሱ ዓይቶ የማይከፋ፤
የአምስቱን የጫማ ቁጥር በቃሉ የያዘ፣
ለአምስት በተሠራ መኪና ስድስት እየጫነ፣
ፖሊስ ባየ ቁጥር በላብ የረጠበ፣ በፍርሃት የፈዘዘ።

ቴል አቪቭ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ በሩም ግድግዳውም መስታወት፤
ሰውዬው ቪዲዮአችንን ዓየው፣ ድምፁን ዘግቶ፣ በፍጥነት።
«ትከሻ ጨምሩበት» አለ፣ የራሱን እየነቀነቀ።
ትከሻ? የእነዚህን ልጆች እናቶች ትከሻ ባየ፣
ምን ተሸክሞ እንደኖረ በጠየቀ።

ከሁለት ቀን በኋላ በስልክ ድምፁን ላከ፦
እፈርማለሁ፣ እከፍላለሁ፤
ብቻ አራት ይሁኑ፣ አምስት ለስክሪን ይበዛል፤
ትንሿ ትቅር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ትምህርት ቤት፣ ከአባቴ ጋር፤
መምህርቷ በዕብራይስጥ፣ ጣቷን እየቀሰረች ስትናገር፣
«ይህቺ ልጅ አይገባትም፣ ወደ ሌላ ክፍል ትሂድ» ስትል፣
እኔ ለአባቴ በአማርኛ «ጎበዝ ናት ትላለች» ስል፣
አባቴ ብድግ አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።
መምህርቷ ግራ ገባት።
እኔ ያንን ጎንበስ ማለቱን እስከ ዛሬ አልረሳ።

ወይዘሮ አበጁ ከሌሊት ፈረቃ፣
ከሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ገና መግባታቸው ነበር፤
«እስኪ አሰሚኝ» አሉ፣ «ከራሱ አፍ፣ እንዴት እንደሚናገር።»
ስልኩን ካልታጠቡት ሳህኖች መሃል አኖርኩት፤
ያ ሰው ሲናገር ይፈጥናል፣
«ራክ አርባ» ያላትን ብቻ ለቅመው ሰሙት።

«አርባ?» አሉ፤ ፊታቸው በራ።
«አርባ ልጅ ይፈልጋል? ይሄ ነው እንጂ ሥራ!
ከአርባማ የእኔዋ አትቀርም።»

አንድ ቃል ነው፤ በእነሱ አራት፣ በእኛ አርባ።
ዝም ብል ምን ነበረበት? በመሃሉ
ሠላሳ ስድስት ልጅ ከነጫማው ይገባ!
ምላሴ ላይ «ጎበዝ ናት» የምትለዋ ቃል
እንደ ድሮዋ ቆማ፣ ውጪ በይኝ ትላለች።

ታሄል ግን ከማጠቢያው ጥግ፣
የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጎትታ፣
«እማ፣ አርባ አይደለም፣ አራት ነው» አለች።
«እኔ ነኝ የምቀረው።»

አልጨመረች፣ አልቀነሰች።
ቃሉን እንደ መጣ አደረሰች።

ወይዘሮ አበጁ ስልኩን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፉት።
«ውሃ ጠጪ» አሉኝ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ፤
ብርጭቆው በእጄ ከበደኝ፣ እንዳልተከፈለ ዕዳ።

ዛሬ ሐሙስ ነው።
ውሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከመርፌው ጋር ታጥፏል፤
ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠርቷል።
የመሸሸጊያው ቁልፍ ታሄል ጋ ነው፤ ልትመልስ መጥታ፣
በሩን ከፍታ፣ መብራቱን አብርታ፣
ከመስታወቱ ስንጥቅ ፊት፣ የለመደችው ቦታ ላይ ቆማለች።
አራቱ ያዩኛል። እሷ ጫማዋን ታያለች።

የምለው ጠፍቶኝ አጨበጨብኩ፦
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት፣
አራት።
እዚህ ላይ ልቁም ብልም፣ የጀመረ እግር አይቆምም፤
ጭፈራ ቁጥሩ እስከ ስምንት ነው፣ ከአራት ላይ አይቆረጥም።

እና አምስት አልኩ፣
ጮክ ብዬ።